ሂተርህ ውጪ ነው የተሰቀለው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሳሚ፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ አደጉ? ዝምታውን ማን ጀመረው ብለን ከምንካሰስ ለሁለት እንካፈለውና ይለፍ። እኔ ዳላስን ለቅቄ ቨርጂኒያ ስገባ አንተ ከሚኒሶታ እዚያው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ መጣህ፤ ተላለፍን። ቤቱ ይባረክ!

ፎቶውን እህትህ አሳየችኝ። ሌላው ኩሽናውን ሲያደንቅ የእኔ ዓይን ያረፈው የኋላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው ሳጥን ላይ ነው። ታንክለስ ሂተር፣ ማለት ታንከር ሳይኖረው ውሃውን ሲያልፍ በጋዝ የሚያሞቅ፣ ያውም ውጪ።

«የሚኒሶታ ሰው ስለ ብርድ ይመከራል እንዴ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እዚያ ግን ሂተሩ ቤዝመንት ውስጥ ነው። የቴክሳስ ቤት የሚሠራው ለሞቃት አየር ነው።

ሳጥኗ የራሷ የብርድ መከላከያ አላት። ሲቀዘቅዝ ውስጧ ያሉ ትንንሽ ማሞቂያዎች በራሳቸው ይበራሉ። የሚሠሩት ግን በኤሌክትሪክ ነው። ጋዙ ቢኖርም መብራት ከሄደ ዋጋ የላቸውም። በፌብሩዋሪ 2021 የሆነውም ይኸው ነው። ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰች፤ በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሂተሩ ቱቦ ደግሞ ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። ክፋቱ ወዲያው አታውቀውም። የጎረቤቴ ሂተር እንደ ወንፊት ያፈሰሰው ብርዱ አልፎ፣ ሰዉ «ተመስገን» ካለ በኋላ ነው። የፋብሪካው ዋስትናም በብርድ ለተበላሸ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

የብርድ ማስጠንቀቂያ ስትሰማ ሶኬቱን እንዳትነቅል። ከሂተሩ የሚርቀውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ በቀጭኑ ክፈተው። የሙቁን ነው የምልህ! ሰው ቀዝቃዛውን ብቻ እያንጠባጠበ ሂተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቆሞ ያድራል። ውጪ ያለውን ቧንቧ በፎም ጠቅልለው፤ እሱ ግን ብርዱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

መብራት ሄዶ ቶሎ የሚመለስ ካልመሰለህ ውሃውን አውጣው። ጋዙን ዝጋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ቀዝቃዛው የሚገባበትን ቫልቭ ዝጋ። ቤት ውስጥ የሙቁን ቧንቧዎች ክፈት። ከዚያ ሂተሩ ሥር ያሉትን ማፍሰሻዎች ከፍተህ፣ ማጣሪያዋን ፈትተህ፣ ጠብ የሚል እስኪጠፋ ተወው። ውሃው ትኩስ ሊሆን ስለሚችል እጅህን ጠብቅ። መልሰህ ስትሞላውም መጀመሪያ የሚያፈስ ነገር እንደሌለ እይ፤ ጋዙ በኋላ ይደርሳል። ብርዱ ሳይመጣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተህ የቱ ቫልቭ የቱ እንደሆነ ያሳይህና ምልክት አድርግበት። በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ሂተሩ ቢፈነዳ ይገዛል። በዚያ ሳምንት ግን ሂዩስተን ውስጥ ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው በጭሱ የሞቱ አሉ፤ የእኛም ሰዎች ነበሩባቸው። ከሰልም ሆነ ጄነሬተር ቤት እንዳታስገባ፣ አደራ። ከባሰባችሁ ልጆቹን ይዘህ መብራት ያለው ሰው ቤት ሂድ።

ገና ሰሞን ወደዚያ ብቅ ማለቴ አይቀርም። ቫልቮቹን አብረን እናያለን፤ ቡናው ያንተ ነው። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ደውል።

ወንድምህ