የነሐሴ 7 መታሰቢያችን

ውድ የፍኖተ ሰላም ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ነሐሴ 7 እየደረሰ ነው። በ2015 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ እሑድ ቀን ከተማችን ከአየር የተመታችበት ዕለት። ያን ጊዜ አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል።

የሟቾቹ የስም ደብተር እኔ ጋ ነው። አንዳንዱ መስመር ላይ «የእንትና ልጅ» ብቻ ተጽፏል፤ አባት የለ፣ ዕድሜ የለ። ይሄ ያንገበግበኛል። ቤተሰብ የምታውቁ ሙሉ ስም ጠይቁልኝ፣ ለጸሎቱ ደግሞ የክርስትና ስም። ሙስሊም ቤተሰቦች ዱዓውን እነሱ እንዳሉት እናደርጋለን። እባካችሁ እናቶችን በስልክ አታጣድፉ። ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቡናውን ጠጥታችሁ፣ የሚሉትን ስሙ።

ሰላማዊ ሰው የጥቃት ዒላማ እንዳይሆን የሚከለክለውን የጄኔቫ 2ኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል (ስለ አገር ውስጥ ጦርነት የወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት) አገራችን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። ስለዚህ «ይጣራ፣ ቤተሰብ ይካስ» ማለት የማንም ወገን ፖለቲካ አይደለም። ደፍረን እንበለው።

መዋጮው እንደ አቅም ነው። ቅድሚያ ለቁስለኞች መድኃኒት፣ ቀጥሎ ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም። ገንዘቡን ለገንዘብ ያዣችን፣ ስሞቹን ለእኔ እስከ ሐሙስ አድርሱ።