ኩይሳ ውስጥ ያለው የአርጃኖ እንቁላል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ፊሊፒንሱ የጫካ አርጃኖ፣ ስለዚያ ግዙፍ የእንሽላሊት ዘመድ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ሜትር የሚደርስ ፍጥረት በሉዞን ደሴት ጫካ ዛፍ ላይ ሲኖር፣ ሳይንስ ስም ያወጣለት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ያገሬው ሰው ግን ቀድሞም ያውቀዋል፤ አድኖም ይበላዋል። ከሁሉ የገረመኝ ምግቡ ነው፤ ሥጋ በል በሆነው በአርጃኖ ወገን መካከል ፍሬ እየለቀመ የሚያድር!

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ጣናው አርጃኖ ተመለሰ። ባለፈው መስከረም ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ካለ የውሃ ዳር ልጆች አንዲቱን በድንጋይ ሲወግሩ ደረስኩ። «ጋሼ፣ አይጠጉ፣ መርዛም ናት!» አሉኝ። ሆዷ ተቀዶ ነበር፤ እንቁላሎቹን ቆጠርኳቸው፣ 31 ናቸው። ለዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ያን ቀን አፈርኩ፤ ልጆቹ ይህን ከኛ መስማት ነበረባቸው።

ሴቷ አርጃኖ ክረምቱ ያለሰለሰውን ኩይሳ በጥፍሯ ትቆፍርና እንቁላሏን አስቀምጣ ትሄዳለች። አትታቀፍም። ቀዳዳውን የሚደፍኑላት ምስጦቹ ናቸው፤ የራሳቸውን ቤት ሲጠግኑ የሷንም አደራ ይዘጉላታል። የኩይሳው ሆድ ሙቀቱም እርጥበቱም ብዙ ስለማይለዋወጥ እንቁላሉ ወራትን ይሻገራል። ዝናብ ተመልሶ አፈሩን ሲያርስላቸው ግልገሎቹ ጭረው ይወጣሉ። እኛ ደግሞ በበጋ ለምርጊት አፈር ብለን ኩይሳውን እንንደዋለን።

ነክሶ በመርዝ ሰው የሚገድል አውሬ አይደለም። ከያዙት በጅራቱ ይገርፋል፣ በጥርሱም ይቦጭቃል፤ ከተውት ግን ዘሎ ውሃ ይገባል። ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ እንቁራሪት፣ የሞተ ዓሣ ይበላል፤ አዞ ባለበት ወንዝ ደግሞ የአዞን እንቁላል ቆፍሮ ያወጣል። ዶሮ ያጠፋል የሚሉት እናቶች እውነት አላቸው፣ ጫጩትና እንቁላል ካገኘ አይምርም። የቀን አውሬ ስለሆነ ግን እንቁላሉን ቶሎ ቶሎ መሰብሰብና ጫጩቱን ከውሃ ዳር ማራቅ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

የጣናውን ባሕረ ገብ መሬት ዘጌን ያየ ይረዳኛል። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ምድሩ አይታረስም እየተባለ ስለኖረ፣ ጫካውና ቡናው እስከ ሐይቁ ይወርዳል። እዚያ አርጃኖ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ አይቻለሁ፤ ሰው አጠገቡ ሲያልፍ አንገቱን ቀና ከማድረግ በቀር አልሸሸም። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ) ሆኖ ሲመዘገብ ይህም ፍጥረት አብሮ የተቆጠረ ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ስለ ሩቁ እንደጻፋችሁልን ስለኛውም ጻፉ። ከፎቶው ጋር ይውጣ፣ ቆርጬ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከመስከረም በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር