ደብዳቤ ለልጄ፦ ልደትሽ በ27 ነው በ28?

ልጄ፣

ትናንት ደውለሽ "አባዬ፣ ልደቴ ሚያዝያ 27 ነው 28?" ስትይኝ ሳቄ መጣ። ነገሩ ረዥም ስለሆነ ካርድሽን ከምጨርስብሽ ልጻፈው ብዬ ነው።

የተወለድሽው በ27 ነው፣ ሊነጋጋ ሲል። ወረቀትሽ ላይ 28 የሆነው በግማሽ የእኔ ጥፋት ነው። ላስመዘግብሽ ስሄድ የድል በዓል ነውና ቢሮው ዝግ። በማግስቱ ተመለስኩ። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል "ዛሬ ስንት ነው?" ብሎ ጎኑ ያለውን ሰው ጠየቀና የዕለቱን ቀን ጻፈልሽ። የድሬን የሚያዝያ ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ወረፋው አሰልችቶኝ ሳላነብ ፈረምኩ።

ግን አቦ፣ ቀንሽን በቀላሉ እንዳትለቂው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ ጃንሆይ ገቡ። ልክ አምስት ዓመት፣ ቀን አልጎደለ ቀን አልተረፈ። ጣሊያን ከተማዋን ያጣው እኮ ቀድሞ፣ መጋቢት 28 ነው። እንግሊዞቹ የከተማው ጣሊያኖች ደህንነት ያሰጋል እያሉ ጃንሆይን ደብረ ማርቆስ አቆይተዋቸው ነበር። ሲገቡ ግን ያቺው ቀን ሆነች። እኔማ ሰውየው ቀን መምረጥ ያውቁበት ነበር ባይ ነኝ። የሐረርጌ ሰው አይደሉ!

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የእኛው ጣቢያ ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ በባቡር ሲወጡ ወደ ጅቡቲ ያለፉት በዚህ ነው፣ ከዚራ ሰፈር እኛ ቤት ጓሮ ባለው ሐዲድ። አያትሽ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው "ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር" ይለኛል፣ ሌላ አይጨምርም። የሸማንደፈር ሰው ስለ ባቡር ማውራት ሲጀምር እንደማያቆም ታውቂያለሽ። እሱ ግን እዚህ ላይ ሲደርስ ሲኒውን አንስቶ ቡናውን ፉት ይላል፣ አለቀ።

ጣሊያን ሚያዝያ 30 ሐረር ገባ፣ በማግስቱ ድሬ። የግንቦት ልደታ ለት መሆኑ ነው። ቅድመ አያትሽ የቀቀለችው ንፍሮ የሚበላው አጥቶ ማሰሮው ውስጥ አደረ ይባላል። ሮም ላይ ሙሶሊኒ ሰገነት ላይ ወጥቶ "ግዛታችን ተመለሰ" እያለ የፎከረውም በዚያው ምሽት ነው።

መውጣቱ ደግሞ በ1933፣ ሐረር መጋቢት 17፣ ድሬ መጋቢት 20። ስለዚህ በድሬ ልጅ ሂሳብ ነጻ የወጣነው መጋቢት 20 ነው፤ የሚያከብረው የለም እንጂ። ደርግም መጥቶ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወስዶት ነበር። ኋላ ነው ወደ ሚያዝያ 27 የተመለሰው። ቀን የሚያዛውረው ያ ጸሐፊ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

በሌላ አገርም ቀንሽ ሥራ አልፈታም። ሆላንዶች ከጀርመን ነጻ የወጡበትን በዓል የሚያከብሩት ያን ቀን ነው። በ1953 አለን ሼፐርድ የሚባለው አሜሪካዊ ሕዋ ደርሶ የተመለሰውም በሚያዝያ 27 ነው፣ በ15 ደቂቃ። እናትሽ ይህን ስነግራት "እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳምጥ፣ እሱ 15 ደቂቃ!" አለች።

ወረቀቱን ለማስተካከል ምስክር ያስፈልጋል አሉኝ። እናትሽ ተዘጋጅታለች፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። ሰኞ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንሄዳለን። በዚህ ጊዜ አንብቤ ነው የምፈርመው።

ከሐረር ያስመጣሁትን ሐላዋ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ለጓደኞችሽም አካፍያቸው፣ ደግሞ እንደ ባለፈው ብቻሽን እንዳትጨርሺው።

አባትሽ
ከድሬዳዋ