ካናዳን በክር ማቋረጥ፦ የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የጂኦግራፊ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ አገር ብቻ ይዞ ሠርቷል፤ ካናዳን። ስፋቷ 9,984,670 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአገራችንን ዘጠኝ እጥፍ ያህል። 10 ፕሮቪንስ፣ 3 ቴሪቶሪና 6 የሰዓት ክልል አላት። የአባላቱ ሥራ ከምሥራቁ ጫፍ ከሴንት ጆንስ ተነስቶ በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና እስከ ምዕራቡ ቪክቶሪያ ያለውን ጉዞ በግድግዳ ካርታ ላይ ማቀድ ነበር። በመሃል ወደ ሰሜን ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል፦ አንዱ በባቡር ወደ ቸርችል፣ ሌላው በዴምፕስተር መንገድ ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር። እያንዳንዱ ቡድን ለደረሰው ክልል አራት ጥያቄ ይመልሳል፦ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በምን ይሄዳል? በየትኛው ወር ይቻላል? መንገዱ ቢቆረጥ በየት ይዞራል? ብዙ ሥራ የጠየቁት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ርቀቱ። ያልተለጠጠ የስፌት ክር፣ እስፒልና ማርከር ይበቃል። እስፒሉን በሁለቱ ከተሞች ላይ መትከል፣ ክሩን ሳይወጥሩና ሳያላሉ መዘርጋት፣ ጫፎቹን በማርከር ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ካርታው ግርጌ ካለው እስኬል ጋር ማስተያየት ነው። በዚህ መንገድ ከሴንት ጆንስ እስከ ቪክቶሪያ 7,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተገኘ። አውራ ጎዳናው ራሱ ወደ 7,800 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ በመጽሐፍ ስለሚገኝ ቡድኑ መልሱ ልክ ነው ብሎ ዘጋው።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከዚህ ስህተት ነው። ቀጥ ያለ ክርና በተራራና በሐይቅ ዙሪያ የሚጠመዘዝ መንገድ እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። የተሳሳተው ክሩ ነው። የግድግዳ ካርታችን የተሠራው ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከሚዘረጉት ዘዴዎች በአንዱ፣ በሜርኬተር ፕሮጄክሽን ነው፤ ግርጌው ላይ የታተመው እስኬልም የሚሠራው ለምድር ወገብ ብቻ ነው። በምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 111 ኪሎ ሜትር ነው። በአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ በ9 ዲግሪ፣ 110 ነው፤ ልዩነቱ ስለማይታወቅ አገራችንን በዚህ ካርታ ስንለካ ኖረን ችግሩ አልታየንም። በ49 ዲግሪ 73፣ በ60 ዲግሪ 56፣ በ70 ዲግሪ 38 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀራል። ካርታው ግን ኬንትሮሶቹን ከታች እስከ ላይ በእኩል ርቀት ያሰምራቸዋል። ስለዚህ በ60 ዲግሪ ላይ ያለ ቦታ ርዝመቱ ሁለት እጥፍ፣ ስፋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል።

ማረሚያው ሁለት ነው። ካልኩሌተር ያለው 111ን በኬክሮሱ ኮሳይን ያባዛል። ሁለተኛው መንገድ ክሩን ወደ ግሎብ ማዞር ነው። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ግሎብ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሴንት ጆንስ እስከ ቪክቶሪያ ክሩ 12 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ወደ 5,060 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ክሩ 2 ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት 85 ኪሎ ሜትር ይጠፋል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው። በግሎብ ላይ የተወጠረው ክር በካርታው ላይ ከተሰመረው ቀጥታ መስመር ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ እንደሚያልፍም አባላቱ በዓይናቸው አይተዋል። አውሮፕላን ለምን ወደ ሰሜን ዞሮ እንደሚበር ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው የአየር ንብረት ጥያቄ ነው። እኛ አገር ብርድ የከፍታ ጉዳይ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን ያደግን በመሆናችን አባላቱ የካናዳን ብርድም በተራራዎቿ ላይ ፈለጉት። ዊኒፔግ ከባሕር ወለል በላይ 239 ሜትር ላይ ናት፤ ከጋምቤላ ከተማ ዝቅ ትላለች። በእኛ አቆጣጠር የለየላት ቆላ ናት። የጃንዋሪ ወር አማካይ ሙቀቷ ግን ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በሌላ በኩል ባቡር የሮኪ ተራሮችን የሚሻገርበት የኪኪንግ ሆርስ በር 1,627 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በሩን ቁልቁል ታየዋለች።

እንግዲያው ኬክሮስ ነው ተብሎ ተደመደመ፤ እሱም ብቻውን አልበቃም። ቫንኩቨርና ዊኒፔግ በኬክሮስ አንድ ዲግሪ እንኳ አይራራቁም። በቫንኩቨር የጃንዋሪ አማካይ ከዜሮ በላይ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 ዲግሪ ነው። ቫንኩቨርን የሚያሞቃት ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው፤ ዊኒፔግ ደግሞ ከየትኛውም ሞቃት ባሕር ርቃ መሃል አህጉር ላይ ተቀምጣለች፤ ከሰሜን የሚወርደውን አየር የሚያግድ ተራራም የላትም። ስለዚህ ቡድኖቹ ለእያንዳንዱ ማረፊያ ሦስት ቁጥር እንዲጽፉ ተደረገ፦ ኬክሮስ፣ ከፍታና ከባሕር ያለው ርቀት። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ወረቀት ተመልሷል።

አንድ የቃል ችግርም ነበር። በረዶ የምንለው ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም፣ ወንዝ ላይ የሚረጋውንም ነው። ለካናዳ ይህ አይበቃም፤ የሚበተነው መንገድ ይዘጋል፣ የሚረጋው መንገድ ይሆናል። ክበቡ የሚበተነውን አመዳይ፣ የረጋውን ግግር በረዶ፣ ማለዳ ሣር ላይ የሚታየውን ውርጭ ብሎ ለመጠቀም ተስማምቷል።

የሜዳማዎቹ ፕሮቪንሶች (ማኒቶባ፣ ሳስካችዋን፣ አልበርታ) መጀመሪያ አሰልቺ ተብለው ማንም ሊወስዳቸው አልፈለገም ነበር። ከሁሉ የተሻለው ሥራ የወጣው ግን ከዚያ ነው። መሬቱ ጎኑ 6 ማይል፣ ማለትም 9.7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን ተሸንሽኗል። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ደግሞ 1 ማይል በ1 ማይል በሆኑ 36 ክፍሎች፣ ክፍሉም 160 ኤከር በሆኑ አራት ሩቦች ይከፈላል። መንገዶቹ በዚሁ ወሰን ላይ ስለተሠሩ ቀጥ ያሉ ናቸው። ታዲያ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሚሄደው የገጠር መንገድ በየ39 ኪሎ ሜትሩ ለምን ድንገት ወደ ጎን ተሰብሮ እንደገና ይቀጥላል?

መልሱ በእግር ኳስ ላይ ተሠርቷል። ከደብተር ወረቀት እኩል ካሬዎች ተቆርጠው ከኳሱ ወገብ ጀምሮ በረድፍ ይለጠፋሉ። የመጀመሪያው ረድፍ በልኩ ይገጥማል፤ ሦስተኛው ላይ ካሬዎቹ መደራረብ ይጀምራሉ፤ አናቱ ጋ አንድ ሙሉ ካሬ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ኬንትሮሶች ወደ ዋልታው ሲሄዱ ስለሚጠባበቡ ክብ ምድር ላይ ካሬ ደርድሮ መጨረስ አይቻልም። በ50 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ አንዱ የ9.7 ኪሎ ሜትር ስፋት 39 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሲኬድ 70 ሜትር ያህል ይጎድላል። ጉድለቱ ከመነሻው ኬንትሮስ በራቁ ቁጥር ይደመራል። ቀያሾቹ ስህተቱ እንዳይከማች በየ24 ማይሉ የማስተካከያ መስመር አስምረው ስፋቱን እንደገና ከሙሉ ልኩ ጀመሩ፤ መንገዱ የሚሰበረው እዚያ መስመር ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ በሳተላይት ፎቶ የሳስካችዋንን ገጠር ከፍቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገድን የተከተለ ሁሉ ስብራቱን ያገኘዋል።

ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተሰሜን ያለው ክልል አለት፣ ደንና ሐይቅ ነው፤ ነገሩ በአንድ ድልድይ ያልቃል። በኒፒጎን ወንዝ ላይ የአገሪቱ ምሥራቅና ምዕራብ በመኪና የሚገናኙት በአንድ መሻገሪያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 አዲሱ ድልድይ በምዕራብ ጫፉ ብሎኖቹ ተበጥሰው ወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ። ተለዋጩ መንገድ በአሜሪካ በኩል የሚዞር ነው። ለአራተኛው ጥያቄ «ሌላ መንገድ ይኖራል» ብለው የጻፉ ወረቀታቸውን ከዚህ በኋላ አስተካክለዋል።

ወደ ሰሜን የሚወጡት ቅርንጫፎች ሁለቱም ፐርማፍሮስት ላይ ያልፋሉ። ፐርማፍሮስት ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቀልጥ የቆየ መሬት ነው፤ ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ በበጋ ይቀልጣል። ወደ ቸርችል የመኪና መንገድ የለም። ከዊኒፔግ የሚነሣው ባቡር 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ መሬቱ ስለሚሰምጥና ስለሚነሣ ሐዲዱ ስለሚዛባ ፍጥነቱን በጣም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ጎርፍ ሐዲዱን በብዙ ቦታ ጠርጎት ከተማዋ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያለ ባቡር ቆይታለች።

ዴምፕስተር ከዳውሰን አጠገብ ተነስቶ ኢኑቪክ ድረስ 740 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ፒስታ ነው። ከኢኑቪክ ወደ ቱክቶያክቱክ ውቅያኖሱ ዳር የሚያደርሰው 138 ኪሎ ሜትር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ነው። መንገዱ በወፍራም የኮረት ድልድል ላይ የተሠራው ለመኪናው ምቾት ሳይሆን ከሥሩ ያለው መሬት እንዳይቀልጥ እንደ ብርድ ልብስ እንዲከልለው ነው። የኮረቱ ድንጋይ ስለታም ስለሆነ ሁለት ሙሉ ስኮርታ ጎማ መያዝ ይመከራል።

የነዳጁን ሒሳብ የሠራው ቡድን ምስጋና ይገባዋል። ከዳውሰን እስከ መንገዱ መገንጠያ 40፣ ከመገንጠያው እስከ ኢግል ፕሌንስ ማደያ 369፣ በድምሩ 409 ኪሎ ሜትር ነው። 45 ሊትር የሚይዝ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ መኪና 450 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይደርሳል። ብርዱ ፍጆታውን በ20 በመቶ ቢጨምረው ግን ያው ነዳጅ የሚወስደው 375 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከማደያው 34 ኪሎ ሜትር ቀርቶት ይቆማል፤ በዚያ ብርድ መቆም ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። 20 ሊትር በጀሪካን መያዝ ግዴታ ነው ተብሎ ዕቅዱ ላይ ሰፍሯል።

ከዚያ ወንዞቹ አሉ። ፒልንና ማኬንዚን በበጋ መኪና የሚጭን ጀልባ ያሻግራል፤ በክረምታቸው ደግሞ በግግር በረዶው ላይ ይነዳል። ጥርት ያለ ግግር በረዶ ለእግረኛ 10፣ ለትንሽ መኪና ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል፤ ነጭ ከሆነ አየር ስላለበት ጥንካሬው ግማሽ ብቻ ነው። መኪናው ሲፈጥን ከበረዶው ሥር ያለው ውኃ ማዕበል ፈጥሮ ስለሚሰነጥቀው ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። በረዶው በሚረጋበትና በሚሰባበርበት ወቅት፣ በጥቅምት መጨረሻና ኅዳር እንዲሁም በግንቦት፣ ጀልባውም በረዶውም አይሆንም፤ መንገዱ ሁለት ቦታ ይቋረጣል። የወር ጥያቄ ከኪሎ ሜትር ጥያቄ እኩል የተጠየቀው ለዚህ ነው።

የሰዓት ሥራው ቤታቸው ቶሮንቶ ካሉ ዘመዶች ጋር ስልክ የሚደዋወሉ አባላትን በጣም ጠቅሟል። የሚያሳስተው የእኛን አቆጣጠር ይዞ መቀነስ ነው። መጀመሪያ ስድስት ሰዓት ደምሮ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር መለወጥ ነው፤ ማታ 2 ሰዓት 20፡00 ይሆናል። ዘንድሮ ከጥቅምት 24 እስከ የካቲት 30 ቶሮንቶ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች፤ ስለዚህ እዚያ ገና 12፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነገር ቀን 6 ሰዓት ነው። ከዚያ ውጪ ልዩነቱ 7 ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ሴንት ጆንስ ግማሽ ሰዓት ስላላት በዚሁ ቅጽበት 13፡30 ይሆናል። አብዛኛው ሳስካችዋን ደግሞ እንደኛው ሰዓቱን አይቀይርም።

ካርታው ከነክሩና ከነእስፒሉ በቤተ መጻሕፍቱ የምሥራቅ ግድግዳ ላይ እንዳለ ነው። በዴምፕስተር ላይ በቀይ ማርከር የተሠሩት ሁለት ምልክቶች ፒልና ማኬንዚ ናቸው። በመስከረም የሚጀምሩ አባላት አንድ ጥቅል የስፌት ክርና አሮጌ ኳስ ይዘው ይምጡ፤ ያለንን ኳስ ማስቲሹ አበላሽቶታል።