ስለ ሻወር ቤታችን ውሃ መውረጃ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሕንፃችን አባላት፤

ከበዓሉ ወዲህ አራት ቤት የሻወር ውሃ አልወርድ ብሏል። ትናንት የራሴን ከፈትኩት። የወለሉን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ሰደድኩ። የወጣው ነገር የድመት ጅራት ያክላል! በቅቤና በሳሙና የተለወሰ ፀጉር ነው። ለጋ ቅቤ ለአናት ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ቧንቧ ውስጥ ያረጋዋል፤ ፀጉሩም እዚያው ይያዛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩን በሽቦ አውጡ። ከዚያ ሙቅ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። የፈላ አይሁን፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ያለሰልሳል። ላቫንዲኖ ከሆነ ከስር ባልዲ አድርጉና ሲፎኑን (ከስሩ ያለውን ጠማማ ቧንቧ) በእጅ ፈትታችሁ እጠቡት። ስትመልሱት ጎማዋን እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ ወለሉን አጥለቅልቄዋለሁ። ጠማማው ቧንቧ ውስጥ ውሃ የሚቀረው ሽታ እንዳይወጣ ስለሆነ "ይሄ ነው የሚዘጋው" ብላችሁ በቀጥታ ቧንቧ እንዳትቀይሩት።

አደራ፣ አሲድና በረኪና አንድ ላይ እንዳታፈሱ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። በየተራም ቢሆን አይሞከር።

ላይና ታች ያሉ ቤቶች በአንድ ጊዜ ከተደፈኑ ችግሩ ዋናው መስመር ላይ ሊሆን ስለሚችል በሽቦ አትድከሙ፣ ንገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት ማንሆሉን እንከፍታለን። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ረጅሙን ሽቦ የወሰደም እባካችሁ ይመልስ።