የ«ሌይላ» ድምፅ ከትንሽ አምፕሊፋየር ነው የወጣው

ይድረስ ለመዝናኛ ዓምድ አዘጋጅ፤

ስለ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተንና ስለ «ሌይላ» ዘፈኑ በተጻፈ ቁጥር የቢትልሱን የጆርጅ ሃሪሰንን ሚስት ማፍቀሩ ይነሳል። እርግጥ ነው፣ «ሌይላ» የሚለው ስም የፋርሱ ባለቅኔ ኒዛሚ ከጻፈው ከለይላና ከመጅኑን የፍቅር ታሪክ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ዘፈኑ ያለበት፣ የክላፕተን ባንድ ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ በስቱዲዮ ሠርቶ ያወጣው ብቸኛ አልበም የብዙ ሰው ላብ ነው። በአንድ ሰው የፍቅር ወሬ ሲሸፈን ያሳዝናል። እባካችሁ አሠራሩንም ንገሩን።

ባንዱ ክላፕተን፣ ኪቦርዲስቱ ቦቢ ዊትሎክ፣ ቤዚስቱ ካርል ሬድልና ድራመሩ ጂም ጎርደን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1970 ሚያሚ፣ ክራይቲሪያ ስቱዲዮ ገብተው ከፕሮዲዩሰር ቶም ዳውድ ጋር መቅረጽ ጀመሩ። በዚያው ወር ኦልማን ብራዘርስ የተባለው ባንድ አባላት ከተማው ውስጥ ኮንሰርት ነበራቸው። ክላፕተን ሄዶ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ የባንዱ ጊታሪስት ዱዌይን ኦልማን ሶሎ እየተጫወተ ዓይኑን ሲገልጥ አየውና እጁ ደርቆ ቀረ። በዚያው ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ አብረው ተጫወቱ። ከ14ቱ ዘፈኖች የኦልማን ጊታር በ11ዱ ላይ አለ፤ የሌለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ክላፕተን የተጠቀመው ፌንደር ቻምፕ የተባለውን ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። ጉልበቱ 5 ዋት ገደማ፣ ስፒከሩ አንድ ባለ 8 ኢንች ነው። እንዲህ ያለ ባለ ቱቦ (አምፖል መሰል ቫኩም ቲዩብ ያለው) አምፕሊፋየር ድምፁ ሲከፈት ቱቦው ቶሎ ይጨናነቅና ያ የሚያለቅስ፣ የሚሻክር ድምፅ ይወጣል፤ ክፍሉን ግን አያናውጥም። ትልቁን አምፕሊፋየር እዚህ ደረጃ ለማድረስ ጆሮ እስኪደነቁር መክፈት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የጊታሩ ድምፅ የድራሙ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል፣ ሚክሲንግ (ድምፆቹን ማዋሃድ) ላይ መለየት አይቻልም። ትንሿ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማታወጣ ደግሞ ለሬድል ቤዝ ቦታ ይተርፋል። ዛሬም በጠባብ ስቱዲዮ ለሚቀርጹ ልጆች ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

ዘፈኑ ላይ ስድስት የጊታር ትራኮች ተደራርበዋል። ሁሉም የሚያውቀው መግቢያ የኦልማን ሐሳብ እንደሆነ ይነገራል። እሱ ስላይዱን፣ ማለትም ክሩ ላይ እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ጊታር፣ የሚጫወተው የጉንፋን መድኃኒት ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ ነው። ብልቃጡ ክሩን መንካት እንጂ መጫን የለበትም፤ ከተጫነ ፍሬቱን (የጊታሩ አንገት ላይ ያለውን አግዳሚ ብረት) እየመታ ይንኳኳል። የሚቀመጠውም ልክ ከፍሬቱ ብረት በላይ ነው፤ ወደ ኋላ ካለ ድምፁ ዝቅ ይላል። ኦልማን መጨረሻው ላይ ፍሬቶቹን ሁሉ አልፎ ይሄዳል። እዚያ መለኪያው ጆሮ ብቻ ነው፤ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይህን ያውቀዋል።

በዘፈኑ መጨረሻ ያለው የፒያኖ ክፍል የተቀረጸው ከዋናው ዘፈን ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ ዳውድ ሁለቱን ቀጠላቸው። ሚክስ ሲደረግ ቴፑ ትንሽ ስለፈጠነ የዚህ ክፍል ቅኝት በሲ (C) እና በሲ ሻርፕ (C#) መካከል ወድቋል። አብሮ መጫወት የሚፈልግ ሰው በኪቦርዱ የትራንስፖዝ ቁልፍ አይሆንለትም፤ ቁልፉ ግማሽ ድምፅ ሙሉ ይዘላል። ከተለመደው የመቃኛ መነሻ፣ ከ440 ኸርዝ፣ ወደ ላይ ቀስ እያሉ በጆሮ ማስተካከል ነው።

አልበሙ በኖቬምበር 1970 ሲወጣ በአሜሪካ ከ16ኛ ደረጃ አላለፈም፤ በእንግሊዝ ጭራሽ ሰንጠረዥ ውስጥ አልገባም። ብዙው ሰው «ዴሪክ» ክላፕተን መሆኑን ስላላወቀ የሙዚቃ ኩባንያው «ዴሪክ ማለት ኤሪክ ነው» የሚል ባጅ እስከማደል ደረሰ። ነጠላው ዘፈን በ1971 ፒያኖው ተቆርጦለት ወደ 3 ደቂቃ አጥሮ ወጣ፣ አልሆነም። በ1972 ከ7 ደቂቃ በላይ የሆነው ሙሉው ሲወጣ በአሜሪካ 10ኛ፣ በእንግሊዝ 7ኛ ሆነ። በመሃል ባንዱ ለንደን ላይ ሁለተኛ አልበም ጀምሮ ሳይጨርስ ፈርሷል፤ ኦልማንም በኦክቶበር 1971 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዘፈኑ ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት ክላፕተንና ጎርደን ናቸው። ዘፋኟ ሪታ ኩሊጅ ግን የፒያኖውን ዜማ ከጎርደን ጋር እንደሠራችው ተናግራለች፤ ዊትሎክም ይህንኑ መስክሯል። ስለ «ሌይላ» ስትጽፉ የእሷን ስም አትዝለሉት።

አክባሪያችሁ፣
የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ