የታመመ ልጅ ቤት ይዋል፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች በሙሉ

ኅዳር 14 ቀን 2013 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የፈተናው ፕሮግራም ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ የመጻሕፍት እደላውም በየፈረቃው ቀጥሏል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ስለ ኮሮና ነው፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።

የታመመ ልጅ ትምህርት ቤት አትላኩብን።

ይህን በሰልፍ ላይ ተናግረናል፣ በወላጅ ስብሰባም ተናግረናል። አሁንም ይላካሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የታችኛው ክፍል ተማሪ በር ላይ ሙቀቷ ሲለካ ደህና ነበረች። አምስት ሰዓት ገደማ መምህሯ ዞር ስትል ልጅቷ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ትንቀጠቀጣለች። ምን ሆነሽ ስትላት ከዩኒፎርሟ ኪስ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ፓራሲታሞል አወጣች። "ሲያምሽ ዋጪው፣ ለመምህር ግን እንዳትነግሪ" ተብላ ነው የመጣችው። ሌላውን ግማሽ ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ውጣዋለች።

ይህን የምጽፈው ያቺን እናት ለመውቀስ አይደለም። የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጠርቼ አነጋግሬያቸው ያልቅ ነበር። ግን የክፍል ኃላፊ መምህራንን ስጠይቅ ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ነገሩኝ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም። የሚያገለግለውም ለ4 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተዋጠው ኪኒን በር ላይ ያለውን መለኪያ አታሎ ያልፋል፣ አምስት ሰዓት ላይ ትኩሳቱ ተመልሶ ሲመጣ ልጁ ክፍል ውስጥ ነው። በመሃል ስንቱን አስነጥሶበታል? አንድ ክፍል ለሁለት ከፍለን፣ አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ አስቀምጠን፣ መምህራኑ አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ እያስተማሩ የምንለፋው ለዚህ ነው እንዴ?

"ጉንፋን ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ብርዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፣ በዚህ በኅዳር ውርጭ ደግሞ የማያስል ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። አብዛኛው ጉንፋን ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ጉንፋንና ኮሮና በዓይን አይለዩም። ሐኪምም አይቶ ብቻ አይለይም፣ ምርመራ ያስፈልገዋል። እኔም አልለይም፣ እናንተም አትለዩም። ስለዚህ ያተኮሰው፣ አዲስ ሳል የጀመረው፣ ጉሮሮውን ያመመው ወይም ሽታና ጣዕም የጠፋበት ልጅ ቤት ይዋል። ጉንፋን ሆኖ ከተገኘ ማንም የተጎዳ የለም።

"ልጅ እኮ አይጎዳም" የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ልጆች ቀለል ብሎላቸው ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ማታ የሚገባበት ቤት ነው። አብዛኞቻችሁ ቤት አያት አለ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት አለ። ልጁ የሚተኛው ከእማማ ጋር ነው፣ የሚጎርሰውም ከእማማ እጅ ነው። በአገራችን በቫይረሱ መያዙ በምርመራ የተረጋገጠ ሰው ከ100 ሺህ አልፏል፤ ሳይመረመር የቀረውን እግዜር ነው የሚያውቀው።

"ትምህርቱ ያመልጠዋል" የሚለው ቅሬታ ይገባኛል። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቻችን ስንት ወር ቤት ተቀምጠው እንደነበር ሁላችንም አንረሳውም። ግን ያመለጠን ትምህርት ማካካስ ይቻላል። በሕመም የቀረ ተማሪ ከሥነ ምግባር ነጥቡ አይቀነስበትም፣ የቀረበት ፈተና ሲመለስ ይሰጠዋል። ይህን የምለው ቃል ልገባላችሁ ነው፤ ልጄ ታሞ ቀርቶ ተቀጣ የሚል ወላጅ ቢሮዬ ይምጣ። ትምህርት ቤቱ እንደገና ከተዘጋ ግን የሚያመልጠው የአንድ ልጅ የጥቂት ቀን ትምህርት ብቻ አይሆንም።

"ገበያው እንደዚያ ተጨናንቆ፣ ለቅሶ ቤት ሰው በሰው ላይ ተደርቦ፣ እናንተ ልጆቹ ላይ ብቻ ለምን ትጠነክራላችሁ?" ይህን ጥያቄ እንዲያው ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ገበያውን እኔ አላስተዳድርም። የቅዳሜን ገበያም ሆነ ድንኳኑን ልዘጋ አልችልም። የተሰጠኝ ይህ ግቢ ነው፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ለሚሆነው ተጠያቂው እኔ ነኝ። እናንተም ለቅሶ ስትደርሱ ማስካችሁን ከአገጫችሁ ላይ ወደ አፍንጫችሁ ከፍ ብታደርጉት፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ብትራራቁ ሟቹ አይቀየምም፣ ሐዘንተኛውም ይረዳል።

ከሁሉም የከበደኝ "ጎረቤት ምን ይለናል" የሚለው ነው። አምና ሰው ሲያስል ሰፈሩ በሩን ሲዘጋበት አይተናል። ሕመም መደበቅን ያስተማረን ያ ነው። ስለዚህ ደውላችሁ ስትነግሩን ነገሩ በክፍል ኃላፊው መምህርና በእኔ መካከል ይቀራል። በሰልፍ ላይ የልጅ ስም አይጠራም። ታሞ በተመለሰ ልጅ ላይ የሚቀልድ ተማሪ ካለ ወላጁን አስጠራለሁ፤ የሚቀልድ አዋቂ ካለም እንዲሁ አነጋግረዋለሁ።

ቤት ዋሉ ስንል ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ከጤና ባለሙያዎች የሰማነውንና በየቤቱ ስህተት ሲሠራበት ያየነውን ልጻፍ። ብዙዎቻችሁ በአንድ ክፍል ቤት እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ "የተለየ ክፍል ስጡት" ብዬ አልቀልድባችሁም። የታመመው በመስኮት ወይም በበር በኩል ይተኛ፣ ሌሎቹ ከእሱ በተቻለ መጠን ይራቁ። አንድ አልጋ ላይ መተኛት ግድ ከሆነ አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ይሁን። ብርጭቆው፣ ማንኪያው፣ ፎጣው ለብቻ ይሁን። አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም ማስክ ያድርግ፤ አያት አስታማሚ አይሁኑ። ልጁን ነክታችሁ ስትነሱ እጃችሁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቡ።

መስኮት ክፈቱ። "ንፋስ ይመታዋል" ይሉኛል። ውርጩ እስኪለቅ ጠብቁ፣ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ልጁን በጋቢ ጠቅልላችሁ መስኮቱን ክፈቱት። ቫይረሱ የሚጠራቀመው ታፍኖ በዋለ ቤት ውስጥ ነው። ለብርዱ ብላችሁ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል፤ በዚህ ከተማ የዚህ ወሬ በየዓመቱ ነው የምንሰማው። ቅዳሜ ዕለት ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያወጣ ሲያጤስ ነበር። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ሕዝቡን ከፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ጋር ነው የሚያያዘው፣ ያም እንደ ዛሬው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነበር። ቆሻሻ ማስወገዱ መልካም ነው። ጭሱ ግን ቫይረስ አያባርርም፣ ሳል ያለበትን ልጅ የደረት ሕመም ያባብሰዋል።

ስለ ባሕር ዛፍ መታጠንም ልናገር። ልጅን በፈላ ውኃ ላይ አስጎንብሶ ብርድ ልብስ መደረብ አደጋ ነው፣ ድስቱ ቢደፋ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። ዝንጅብል በሻይ ይጠጣ፣ ማር ይጨመርበት፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የገብስ አጥሚት፣ ሾርባ፣ የሚጠጣ ነገር ቶሎ ቶሎ ስጡ። ተቅማጥ ካለ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነው የሚበጠበጠው። ከሌላ ጊዜ የተረፈ አሞክሲሲሊን አትስጡ፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ለልጅ አስፕሪን ፈጽሞ አትስጡ። ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ፋርማሲ ስትገዙ ኪሎውን ተናገሩ፤ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን ትኩሳቱ ሳይወርድ በዚህ ብርድ ልጁን አታስጠምቁት፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ።

እነዚህን ካያችሁ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፦ ትንፋሹ ሲያጥረው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ መጠጣት ሲያቅተው፣ እንደሚጥል በሽታ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ሲጠሩት በደንብ አልነቃ ሲል። ቤት ውስጥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ታናሽ ካለ ደረቱን ገልጣችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ምክር ብቻ ለሚፈልግ 8335 በነፃ ይደወላል። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ጠይቁ።

ምርመራ ተደርጎ ኮሮና የተገኘበት ልጅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት ምልክቱ ከጀመረበት ቢያንስ 10 ቀን፣ ከዚያ ላይ ምልክት ሳይኖር 3 ቀን ቤት ይቆያል። ሳይመረመር የዳነም ያለ ኪኒን ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ጤና ጣቢያ የነገራችሁን ቀን ጨርሶ ይምጣ።

"እኔ ፋብሪካ ነው የምውለው፣ ልጁን ማን ይይዝልኛል?" የምትሉ እናቶች አላችሁ። ይህ ቅሬታ እውነተኛ ነው፣ አንድ ቀን የቀረ ሰው የቀን ደመወዙን እንደሚያጣ አውቃለሁ። ለአሠሪያችሁ ማሳየት ለምትፈልጉ ልጁ ታሞ መቅረቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አድርጌ እሰጣለሁ፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱም (ወመህ) በየቀጠናው ሊያግዙ የሚችሉ ጎረቤቶችን እያነጋገረ ነው። ይህ በቂ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቢሆንም የታመመውን ልጅ ለ8 መምህራንና ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ማስረከብ መፍትሔ አይሆንም።

ለጥየቃ የምትሄዱም በስልክ ጠይቁ። "እግዜር ይማርህ" በስልክም ይደርሳል፤ ዳቦና ብርቱካኑን በር ላይ አስቀምጡት።

ከነገ ጀምሮ ልጁ ያመመው ወላጅ እስከ ሁለት ሰዓት ለክፍል ኃላፊው መምህር ይደውል ወይም በቴሌግራም ይጻፍ። ስልክ የሌለው በጎረቤት ልጅ ቃል ይላክ። መምህሩ የየዕለቱን ማስታወሻና የቤት ሥራ በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ በራችሁ ያመጣል። ውጭ ቆሞ ነው የሚሰጣችሁ፤ ለቡና ግባ ብላችሁ አታስቸግሩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር